ለድንጋይ ከሰል ዋሻ የትኛውን መብራት እንምረጥ?

የእህቴ ልጅ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ሊሄድ ተነስቶ፣ ሊሰናበተኝ ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጣ። የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሥራ አግኝተዋል። ሁሉም የደጀንና የሉማሜ ልጆች ናቸው። ሥራው አፈሩን ከላይ ገፎ ከሰል ማውጣት አይደለም። ዋሻ ገብተው ነው የሚቆፍሩት።

ከጃኬቱ ኪስ አንድ የግንባር ባትሪ አወጣና አበራው። ጠራራ ፀሐይ ነው። ያም ሆኖ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል።

«ጋሼ፣ ይቺን እያት። ጎጃምን በሙሉ ታበራለች» አለኝ። ለስምንቱም ገዝተዋል።

እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሻን ነኝ። ነዳጅ ዴፖ፣ ፋብሪካ፣ ጋዝ ያለበት ቦታ ሁሉ መስመር ስዘረጋ ኖሬያለሁ። ባትሪዋን ተቀበልኩና ጀርባዋን ከፈትኩ። ሁለት ሊትየም ባትሪ ጎን ለጎን ተኝቷል። በፀጉር በምታህል ሽቦ ተበይደዋል። ፊውዝ የለም። ኃይሉን የሚገድብ ምንም ነገር የለም። ከመሳቢያዬ ቁራጭ ሽቦ አውጥቼ ሁለቱን ጫፎች ለቅጽበት አነካካኋቸው። ጭር አለች። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«ዋሻው ጋዝ ካለው እሷ ትበቃለች።»

ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። እንደ እሱ ከሰል ዋሻ ለሚገቡ ልጆች፣ ለቤተሰቦቻቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት የመግዛት ኃላፊነት ላለባቸው ትንንሽ ማህበራትና አሠሪዎች ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ጋዙ

የድንጋይ ከሰል በውስጡ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይዟል። ሲቆፈር ይለቀዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ከአየር ስለሚቀል ጣሪያው ሥር ይጠራቀማል። ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ክፉው 9.5 በመቶ አካባቢ ነው። ለመለኮስ 0.28 ሚሊጁል ይበቃዋል። ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጭር ጭር የምትለው ብልጭታ እንኳ ልትለኩሰው ትችላለች።

ስለዚህ የዋሻ መብራት ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ አለ። እሳት አይጭርም ወይ? ከዚያ ቀጥሎ በቂ ያሳያል ወይ? ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ነገሩ «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይሆናል። ልጆቹ የሠሩት ይህንኑ ነበር። አልፈርድባቸውም። ሻጩም ስለ ድምቀቷ እንጂ ስለ ሌላ አልነገራቸውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በሀገራችን የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ የሠራተኞቹን ጤናና ደህንነት ጠብቆ እንዲሠራ ያስገድደዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ይላል። ስለዚህ መብራቱ የአሠሪው ዕዳ ነው። «መብራታችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። ይኸው አዋጅ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ምድር ውስጥ በማዕድን ሥራ እንዳይሰማራም ይከለክላል። ከስምንቱ አንዱ 17 ዓመቱ ነበር። እሱን አስቀሩት አልኩ።

ስንት ሰዓት መብራት አለበት፣ ግድግዳው ላይ ስንት ብርሃን ይድረስ የሚለውን ዝርዝር የምወስደው ረጅም ዘመን ከሰል ካወጡ አገሮች ነው። አንደኛው የአሜሪካ የከሰል ማዕድን ደንብ ነው። ሁለተኛው የቻይና የከሰል ማዕድን ደህንነት ደንብ ነው። መሣሪያው እንዴት ይሠራ የሚለውን ደግሞ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ60079 ተከታታይ ደረጃዎቹ ይመልሳል። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የእነዚያ ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ በየቦታው እናገራለሁ።

ከገበያው ጠረጴዛ ላይ የሚነሱት

ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ሻማና የካርባይድ መብራት ያለ ክርክር ይውጡ። ይህን የምለው ሰው አያውቅም ብዬ አይደለም። እኛ አገር የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ታች አየር መኖሩን ለማወቅ ኩራዝ በገመድ የሚያወርድበት ጊዜ አለ። ከጠፋች አይገባም። ለውሃ ጉድጓድ ብልሃት ነው። ይህንኑ ብልሃት ከሰል ዋሻ ውስጥ የሚሞክር ግን ክብሪት ጭሮ ጋዝ እንደሚፈልግ ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ፌሊንግ በሚባል የከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1812 ጋዝ ፈንድቶ 92 ሰዎችና ልጆች አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ ነው የመብራቱ ጉዳይ የሳይንቲስቶችም ሥራ የሆነው።

እ.ኤ.አ. በ1815 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት ከበበው። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትነው እሳቱ ወደ ውጭ አያልፍም። ድንቅ ፈጠራ ነበር። ግን ያስከተለውን ልብ በሉ። መብራቱ ተገኘ ተብሎ፣ ቀድሞ በጋዝ ምክንያት ወደተዘጉ ቦታዎች ሰው መላክ ተጀመረ። ወንፊቱ ሲዝግ ወይም ሲቀደድ፣ ኃይለኛ ንፋስ ሲመታው እሳቱ ያልፍ ነበር። ፍንዳታውም አልቆመም። የዛሬ አሠሪ ውድ መብራት ገዝቶ የአየር ማናፈሻውን ችላ ካለ ያንኑ ነው የሚደግመው።

ሞባይል ይውጣ። የስልክ ባትሪ አብርቶ ዋሻ መግባት ዛሬ ከኩራዙ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ ሁሉም ኪስ ውስጥ አለና። ስልክ፣ ክብሪት፣ ላይተር፣ ሲጋራ በር ላይ ይቀመጣል።

የገበያው የግንባር ባትሪ ይውጣ። ምክንያቱን አሳይቻለሁ። «ዋተርፕሩፍ ነው» የሚል ካርቶን ብታዩም አትሸወዱ። ውሃ አለማስገባትና ብልጭታ አለመጫር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አካሉ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም የሆነ ባትሪም አይሆንም። አልሙኒየም ከዛገ ብረት ጋር ሲላተም በጣም የጋለ ብልጭታ ይፈጥራል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ ደረጃ ለከሰል ማዕድን በሚሠራ ዕቃ ውጫዊ አካል ላይ አልሙኒየም፣ ማግኒዥየም፣ ቲታኒየምና ዚርኮኒየም ተደምረው ከ15 በመቶ እንዳይበልጡ የሚገድበው። ከአልሙኒየም በስተቀር ያሉት ሦስቱ ተደምረው ደግሞ ከ7.5 በመቶ ማለፍ የለባቸውም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ለነዳጅ ማደያና ለዴፖ የሚሸጥ፣ እውነተኛ ሰርተፊኬት ያለው፣ «ፍንዳታ የማያሳልፍ» የሚባል መብራት አለ። እኔ ራሴ ብዙ ሰቅያለሁ። ጥሩ ዕቃ ነው። ለከሰል ዋሻ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን የሚነግራችሁ ጀርባው ላይ ያለችው ምልክት ናት።

ምልክቷን እንዴት እናንብባት

ብዙ ሰው ሰርተፊኬት ሲያይ ማኅተሙን ነው የሚያየው። እናንተ መስመር ቁጠሩ።

መብራቱ ላይ «ኤክስ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ አለ። ቀጥለው የጥበቃው ዓይነት ፊደላት ይመጣሉ። ከዚያ የሮማ ቁጥር አለ። ቁጥሩ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ከሆነ ምድብ አንድ ነው። ሚቴን ላለበት ማዕድን የተሠራ ማለት ነው። ሁለት መስመር ከሆነ ለነዳጅ፣ ለኬሚካልና ለመሳሰለው የውጭ ሥራ ነው። ሦስት መስመር ለዱቄትና ለአቧራ ነው። የዴፖው መብራት ሁለት መስመር አለው። ከዋሻው የሚያግደውም እሱ ነው።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። የምድብ አንድ ዕቃ ድንጋይ እንደሚወድቅበት፣ አቧራ እንደሚከመርበት ታስቦ ነው የሚሠራው። የከሰል አቧራ ሊተኛበት የሚችል ከሆነ የላይኛው ገጹ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይግል ደረጃው ይከለክላል። አቧራ የማይተኛበት ከሆነ 450 ዲግሪ ይፈቀድለታል። ይህን ያህል ነው የአቧራው ነገር።

ከመስመሯ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ፊደል ይመጣል። «ኤም ኤ» ወይም «ኤም ቢ»። ኤም ኤ ከፍተኛው ጥበቃ ነው፤ ጋዝ መጥቶም መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ኤም ቢ ጋዝ ሲመጣ የሚጠፋ ዕቃ ነው። እስቲ አስቡት። ጋዝ ሲመጣ ሰው ግንባሩ ላይ ያለውን መብራት አጥፍቶ በጨለማ ይወጣል? አይወጣም። ስለዚህ ለግንባር መብራት ሁለቱም ካለ ኤም ኤ የሚለውን ውሰዱ። ዋጋው ይጨምራል። ይጨምር።

እዚህ ጋ አንድ መሳሳቻ አለ። የቻይና ዕቃ ላይ «ኤም ኤ» የሚል ለብቻው የቆመ ትልቅ ምልክት ታያላችሁ። እሱ የጥበቃ ደረጃ አይደለም። በቻይንኛ «የከሰል ደህንነት» ከሚለው የተወሰደ፣ ለማዕድን ዕቃ የሚሰጥ የፈቃድ ምልክት ነው። ሁለቱም ፊደላት ትልልቅ ናቸው፤ አጠገቡ የፈቃድ ቁጥር ይኖራል። የጥበቃ ደረጃው ላይ ግን ሁለተኛዋ ፊደል ትንሿ ናት። ቻይና ሠራሽ መብራት ስትገዙ ሁለቱንም ፈልጉ። የፈቃድ ቁጥሩንም ከሰርተፊኬቱ ጋር አስተያዩ። ፎርጅድ ምልክት መለጠፍ ቀላል ነው። ከሞዴሉ ስም ጋር የሚገጥም ሰርተፊኬት ማቅረብ ግን ከባድ ነው። ሻጩ «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ካለ ገንዘቡም በኋላ ይምጣ።

ባለ ገመድ ወይስ ገመድ አልባ

ምልክቷን ካለፋችሁ በኋላ የሚቀረው እውነተኛው ምርጫ ይህ ነው።

ባለ ገመዱ ባትሪው ቀበቶ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በጀርባ በኩል ገመድ ወጥቶ ሄልሜት ላይ ካለው መብራት ጋር ይገናኛል። የድሮዎቹ ባለ እርሳስና አሲድ ባትሪ ናቸው፤ ወገብ ይቆርጣሉ። አዲሶቹ ሊትየም ስለሆኑ ቀለል ይላሉ። ትልቅ ባትሪ ስላለው ብዙ ሰዓት ይቆያል። ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ክብደት ትንሽ ነው። ድካሙ ገመዱ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ድጋፉ እንጨት ላይ ይይዘዋል። ሲጎተት ሲጎተት ሥሩ ይላላል።

ገመድ አልባው ሁሉ ነገሩ ሄልሜቱ ላይ ነው። የሚጎተት ነገር የለም። ድፍን ስለሆነ ውስጡን የሚነካካ ሰው አይኖርም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጥቅም ነው። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ግን የሚቆይበትን ሰዓት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ክብደቱም ሁሉ አናት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀና ጎንበስ ለሚል ሰው አንገት ላይ ይታወቃል። ባትሪው ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ሙሉው ዕቃ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ስንት ሰዓት ይበቃል? የቻይናው ደንብ መብራቱ ቢያንስ 11 ሰዓት ያለማቋረጥ እንዲሠራ ይጠይቃል። ስምንት ሰዓት ፈረቃ ለምን 11 አስፈለገው ትሉ ይሆናል። መግቢያ አለ፣ መውጫ አለ። ጣሪያ ተደርምሶ መንገድ ቢዘጋ ደግሞ መጠበቅ አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አትመኑ። እኔ የምለውን አድርጉ። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ማታ ላይ በሙሉ ብርሃን አብሩትና ሰዓቱን ጻፉ። መብራቱ ሳይጠፋ መድከም የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ሠራተኛው የሚሰናከለው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።

የእኔ ምርጫ? ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በእጅ የሚቆፈር፣ ሠራተኛው ጥቂት የሆነ ዋሻ ከሆነ ገመድ አልባውን እመርጣለሁ። ሰዓቱን በፈተና ካረጋገጠ ማለት ነው። ፈረቃው የሚረዝም፣ ዋሻው ሩቅ የሚገባ፣ በየቀኑ መብራት የሚፈትሽ ሠልጣኝ ሰው ያለበት ቦታ ከሆነ ግን ባለ ገመዱ ይሻላል። ያ ሰው ከሌለ ባለ ገመዱን አትግዙ። ገመዱ የተላጠ የግንባር መብራት ሰርተፊኬቱ ያኔውኑ ሞቷል።

ባለ ገመዱን መፈተሽ ደቂቃ አይፈጅም። ውጭ፣ ዋሻው በር ላይ ሳትደርሱ አብሩት። ገመዱ ከመብራቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ እጠፉት። ከባትሪው የሚወጣበትንም እንዲሁ። ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጥ ሽቦው ተበጥሷል። በፕላስተር ጠቅልሎ መግባት የለም። ያ መብራት ወደ ጎን ይቀመጥ።

ስለ ጨረሩም አንድ ነገር ልበል። ሩቅ የሚወጋ ቀጭን ጨረር ብቻ ያለውን አትምረጡ። ሠራተኛው ፊቱን ወደ ከሰሉ አድርጎ ሳለ እግሩ ሥር ያለው ጉድጓድና ከጎኑ የሚንሸራተተው ድንጋይ መታየት አለበት። መሀሉ ደመቅ ያለ፣ ዙሪያውን ግን በሰፊው የሚያዳርስ ይሁን። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ብዙ የከሰል ሠራተኞች ዓይናቸው እየተንቀጠቀጠ አልረጋ ይላቸው ነበር። የዓይን ሐኪሞች ያገኙት ምክንያት በደብዛዛ ብርሃን ለዓመታት መሥራት ነው። መብራቱ ሲሻሻል በሽታውም ጠፋ።

ሄልሜቱም መብራት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የአሜሪካው ደንብ ምድር ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ የተፈቀደ የግንባር መብራት እንዲይዝ፣ ሄልሜቱም በግራ፣ በቀኝና በኋላ እያንዳንዳቸው 39 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ አንፀባራቂ ቴፕ እንዲኖረው ያዛል። ይህ የሁለት ክብሪት ሳጥን ፊት ያህል ቢሆን ነው። ከሁሉም ርካሹ መከላከያ እሱ ነው፤ ሰው የሚረሳውም እሱኑ።

ቋሚ መብራት እንዘርጋ ወይ?

ትልልቅ ማሽን የሚነዳበት ማዕድን ውስጥ የግንባር መብራት ብቻውን አይበቃም። ለትንንሾቹ የእኛ አገር ዋሻዎች ግን ነገሩ ይታሰብበት።

አንደኛው አማራጭ ከጄነሬተር ወይም ከመስመር ኤሌክትሪክ አስገብቶ ፍንዳታ የማያሳልፍ ሳጥን ያላቸው መብራቶችን መስቀል ነው። ሳጥኑ ጋዝ እንዳይገባ አያደርግም። ውስጡ ገብቶ ቢፈነዳ እሳቱ በጠባቡ የክዳን ክፍተት ሲያልፍ እንዲበርድ ነው የሚያደርገው። የዴቪ ወንፊት ሐሳብ ነው፤ በወፍራም ብረት ተሠራ እንጂ። ስለዚህ ጥበቃው ያለው በክዳኑና በብሎኖቹ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ጋዝ ባለበት ቦታ እንዲህ ያለ ሳጥን እንድጠግን ተጠራሁ። ስምንት ብሎን ሊኖረው ይገባል። አምስት ነበር የቀረው። አንደኛው ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ይሽከረከራል። ክዳኑ በአንድ ወገን ተነስቶ ጥፍሬን አስገባ። ክፍተቱን ለመሙላት አንድ ሰው ሲሊከን ቀብቶበታል። ውሃ እንዳይገባ ብሎ ነው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ያ መብራት ለዓመታት ሲበራ ኖሯል። ምልክቱ ጀርባው ላይ አለ። ጥበቃው ግን የለም። ያቺ ክዳን ዛሬም ትዝ ስትለኝ እጄን ይቀዘቅዘኛል።

ስለዚህ ፍንዳታ የማያሳልፉ መሣሪያዎችን የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን በቋሚነት ለሌለው ዋሻ መስመር አታስገቡ እላለሁ። በምትኩ ሁለተኛው አማራጭ አለ። ቻርጅ የሚደረግ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ምድብ አንድ የሆነ የሥራ ቦታ መብራት። እንደ ፋኖስ ተሸክመው ይገቡና ድጋፍ በሚተከልበት፣ ጋሪ በሚዞርበት፣ መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ያስቀምጡታል። ገመድ አይጎተትም፤ ሳጥን አይከፈትም። ብርሃኑ ከቋሚው ቢያንስም፣ ሲበላሽ ተይዞ ይወጣል እንጂ ዋሻ ውስጥ አይጠገንም።

ማሽን ላለው ማዕድን ደግሞ ሦስተኛው፣ ማሽኑ ላይ የሚታሰር መብራት ነው። የአሜሪካው ደንብ እንዲህ ያለ ማሽን በሚሠራበት ጊዜ በሠራተኛው የእይታ ክልል ውስጥ ያለው ገጽ ቢያንስ 0.06 ፉትላምበርት ድምቀት እንዲኖረው ይጠይቃል። በዘመናዊው መለኪያ በካሬ ሜትር 0.2 ካንዴላ ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ደንቡ የሚለካው ከመብራቱ የወጣውን አይደለም። ከግድግዳው ተመልሶ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ነው። ይህ ነጥብ ወደ አገራችን ድንጋይ ይወስደኛል።

ግድግዳውን ማንጣት

ከሰል ጥቁር ነው። ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሒሳቡን ከልጁ ጋር በወረቀት ሠራነው። በ4 በመቶ ያንን 0.06 ለማግኘት ግድግዳው ላይ 16 ሉክስ (ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ማሳረፍ ያስፈልጋል። ግድግዳው ነጥቶ 40 በመቶ ቢመልስ ግን 1.6 ሉክስ ይበቃል። አሥር እጥፍ ልዩነት። ያለ ተጨማሪ ባትሪ፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ።

በምን ይነጣ? በተፈጨ የኖራ ድንጋይ። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የተሻገረ ሰው ያንን ነጣ ያለ፣ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ ድንጋይ አይቶታል። ለሲሚንቶ የሚፈጨው እሱ ነው። በከሰል ማዕድን ደግሞ ዱቄቱ ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል ላይ ይነሰነሳል። ዋናው ዓላማው ብርሃን አይደለም። የከሰል አቧራ ከተነሳ እንደ ጋዝ ይፈነዳል፤ የድንጋይ ዱቄቱ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ እሳቱን ያበርደዋል። ፈረንሳይ አገር ኩሪየር በሚባለው ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1906 በከሰል አቧራ ፍንዳታ 1,099 ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካው ደንብ ዛሬ ከተጠራቀመው አቧራ ቢያንስ 80 በመቶው የማይነድ ነገር እንዲሆን ያዛል። የግድግዳው መንጣት ምርቃት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። የኖራ ድንጋይና ኖራ አንድ አይደሉም። የተቃጠለው ኖራ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ዋሻ ውስጥ አይነሰነስም። የሚፈለገው ሳይቃጠል በደንብ የተፈጨው፣ ደረቁ ዱቄት ነው። ሲሊካውም (አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን ነው) ትንሽ ይሁን። አሜሪካኖቹ 4 በመቶ ላይ ነው መስመሩን ያሰመሩት። ስለዚህ ሻጩን የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቁት።

አሠሪው ሁለት ምርጫ ይዞ ቢያማክረኝ፣ ማለትም ተጨማሪ ቋሚ መብራት ወይስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቢለኝ፣ ሳላመነታ ዱቄቱን እለዋለሁ።

የመብራት ክፍል

መብራት ከተገዛ በኋላ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ከዋሻ ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ብቻ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ይለቃል። እሱም ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል። ቻርጀሩ ከመብራቱ ጋር የመጣው ይሁን፤ የስልክ ቻርጀር አይሆንም።

የቻይናው ደንብ የመብራቱ ቁጥር ዘወትር ከሚጠቀሙት ሰዎች ቢያንስ በ10 በመቶ እንዲበልጥ ያዛል። 40 ሠራተኛ ካለ 44 መብራት። ትርፍ ከሌለ ሰው የተበላሸውን ይዞ ይገባል፤ የቀን ገቢው ነውና። ለእያንዳንዱ መብራት ቁጥር ስጡት። ሰውዬው ሲወስድ ስሙ ይጻፍ፣ ሲመልስ ይሰረዝ። ማታ መደርደሪያው ላይ ያልተመለሰ ቁጥር ካለ፣ ያልወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ዋሻ ውስጥ መብራት መክፈት፣ ማንኳኳት፣ ባትሪ መቀያየር ፈጽሞ ክልክል ነው።

የጋዝ መለኪያ የተገጠመላቸው የግንባር መብራቶች አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ለሁሉም ለመግዛት ገንዘብ የማይበቃ ከሆነ፣ ለቡድን መሪው በየጊዜው ልኩ የሚስተካከል አንድ ደህና የጋዝ መለኪያ ይቅደም። አሜሪካ ውስጥ ሚቴን 1 በመቶ ሲደርስ በሥራ ቦታው ያለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይጠፋል። 1.5 በመቶ ሲደርስ ሰው ይወጣል። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፋችሁ የመብራት ክፍሉ በር ላይ ለጥፉ።

ልጆቹ ሰባት ሆነው ሄዱ። የገዟቸውን ባትሪዎች ለየቤተሰቡ ትተው ነው የሄዱት፤ መብራት ሲጠፋ ጥሩ ያገለግላሉ። ለእህቴ ልጅ በትንሽ ወረቀት ሦስት ነገር ጻፍኩለት። መስመሯን ቁጠር። ሰዓቱን ፈትሽ። መለኪያው ማን ጋ እንዳለ ጠይቅ። መልሱ ደስ ካላለህ የመመለሻ ትራንስፖርቱን እኔ እልካለሁ አልኩት።

በሳምንቱ ማታ ደወለ። የመብራት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነው።

«ጋሼ፣ በእጄ ይዣታለሁ። አቧራውን በጣቴ ጠርጌ ነው የማነብልህ።»

«ስንት መስመር ናት?»

«አንዲት ናት። አጠገቧ ኤምና ትንሿ ኤ አለች።»

«መለኪያውስ?»

«አለቃችን ጋ አለ። ልኩ መቼ እንደተስተካከለ ግን ስጠይቀው ዝም አለኝ።»

«እንግዲያው ነገ ሳትገባ ደግመህ ጠይቀው» አልኩት።